ሐረና ደን፣ 147 ወጥመድ-ሌሊት፣ ሁለት ዓይነት አይጥ ብቻ። የት ነው የሳትኩት?

ሃንቱታ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም የቤቱ ሰዎች። እስከ ዛሬ እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር የማልፈው። አሁን ቸግሮኝ ነው የመጣሁት።

የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ በባሌው ሐረና ደን ትንንሽ አጥቢዎች ላይ ነው፤ አይጥና አይጥ መሰሎች ማለት ነው። ከዋናው ሥራ በፊት ለሙከራ ሦስት ሌሊት አጥምጄ ተመለስኩ። ሸርማን የሚባለውን ተጣጣፊ የአሉሚኒየም ሳጥን 49 ይዤ፣ 7 በ7 ደርድሬ፣ በየ10 ሜትሩ አስቀመጥኩ። ማባበያዬ የለውዝ ቅቤ በገብስ ዱቄት የተለወሰ ነው። ማታ 11 ሰዓት እከፍታለሁ፣ ጠዋት 1 ሰዓት አያለሁ።

49 ሲባዛ በ3፣ 147 ወጥመድ-ሌሊት። የያዝኩት? ነጭ እግሯ አይጥ፣ ስቴኖሴፋለሚስ አልቢፐስ። ቀጥሎ? ያችው ነጭ እግር። ቀጥሎ? አሁንም እሷ። አልፎ አልፎ አንድ ሎፉሮሚስ፣ ፀጉረ ብሩሿ አይጥ። በቃ ይኸው ነው።

ፕሮፖዛሌ ላይ ግን ክንድ የሚያህል ዝርዝር ጽፌያለሁ። ስሟን ከዚሁ ደን ያገኘችው አፍንጫ ረጅሟ አይጥ መሰል፣ ክሮሲዱራ ሐረና እንኳ አለችበት። አማካሪዬ ውጤቱን አይቶ "እምም" ብቻ አለኝ። ያቺ "እምም" እንቅልፍ ነስታኛለች።

ደኑ ነው የደኸየው ወይስ እኔ ነኝ የማላውቅበት?

---

ጋሽ_ወጥመድ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡15

ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። መጀመሪያ ተረጋጊ።

እኔ ዲግሪ የለኝም። ሃያ ምናምን ዓመት የተመራማሪዎችን ወጥመድ ተሸክሜ ጫካ ለጫካ ስዞር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጣቶቼ ላይ ግን የአይጥ ጥርስ ምልክት ሞልቷል፣ ያ ነው ምስክር ወረቀቴ።

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" ይባላል። አንቺም ሸርማን ላጎደለው ደኑን እየወቀስሽ ነው። ሸርማን ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን የሚይዘው የሚይዘውን ነው። በመሬት ላይ የምትሄድ፣ እህል የምትወድ፣ የማትፈራ አይጥ ትገባለች። ነጭ እግር ደግሞ ለውዝ ከሸተታት ሠርግ የተጠራች ነው የሚመስላት። ክሮሲዱራ ግን ሌላ ጉዳይ ናት። ነፍሳትና ትል በሊታ ስለሆነች የለውዝ ቅቤሽ ቁም ነገሯ አይደለም። ብትገባም ክብደቷ ጥቂት ግራም ነው። ረግጣው ብትሄድ መርገጫው አይወርድም፣ በሩ አይዘጋም፤ ዞር ብላ ትወጣለች።

ለእሷ ባልዲ ነው የሚያስፈልግሽ። ባለ 15 ሊትር፣ አሥራ አንድ ባልዲ። በየ5 ሜትሩ ቆፍረሽ ቅበሪ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 50 ሜትር ይሆናል። በባልዲዎቹ አፍ መሐል ለመሐል ላስቲክ እንደ አጥር ትዘረጊያለሽ፣ ቁመቱ ጉልበት ቢደርስ ይበቃል። የላስቲኩን ግርጌ አፈር አልብሺው። አውሬዋ ማታ ስትሮጥ አጥሩን ታገኛለች፣ ጥጉን ይዛ ትሄዳለች፣ ከዚያ ዱብ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትን ልንገርሽ። የባልዲው ከንፈር ከመሬቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። የጣት ውፍረት ያህል ከፍ ካለ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው፣ ዞራው ትሄዳለች። እኔ ባልዲውን ከቀበርኩ በኋላ ተንበርክኬ መዳፌን ከአፈሩ ወደ ባልዲው አንሸራትታለሁ። እጄን ከነካኝ እንደገና እቆፍራለሁ። ታቹን በምስማር ብሺው፣ አለዚያ አንድ ዝናብ ከዘነበ ጠዋት የምታገኚው የሰጠመ ነገር ነው። እፍኝ ቅጠልም ጣይበት፣ መጠለያ ይሆናታል።

ይህን አሠላለፍ በታንዛኒያ ተራሮች ለዓመታት የሠሩበት የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ሰው ዊልያም ስታንሊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ሰሜን ተራሮች መጥተው እዚሁ አገራችን ሥራ ላይ እያሉ አረፉ። ነፍስ ይማር።

---

ሪራ_ልጅ | ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1፡05

ሃንቱታ ብለሽ ስትመጪ ሳቄ ነው የመጣው። በእኛ አፍ አይጥ ማለት እኮ ነው 😄

ዋናውን ጥያቄ ማንም አልጠየቀሽም። የት ነው ያጠመድሽው? ሐረና እኮ አንድ ቦታ አይደለም። ከሰንኤቴ አምባ ስትወርጂ መጀመሪያ አስታ አለ፣ ከዚያ ሪራ፣ ከዚያ ቀርከሃው፣ ከዚያ ትልልቁ ዛፍ፣ ወደ ዶሎ መና ስትቀርቢ ቡና። ቁልቁለቱ በመኪና ጥቂት ሰዓት ነው፣ ግን ላይኛው ላይ ጋቢ ትለብሻለሽ፣ ታችኛው ላይ ሸሚዝ ይከብድሻል። አይጡም እንደዚያው ይቀየራል።

---

ሃንቱታ | ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 3፡30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ የጻፉትን አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት።

ሪራ፣ እውነቱን ልናገር? ከመንገዱ ብዙም አልራቅኩም። መኪናው የቆመበት አጠገብ ሜዳ መሰል ቦታ ነበር፤ ለ7 በ7 አመቺ ስለሆነ እዚያው ዘረጋሁ። ሁሉም በአንድ ከፍታ ነው።

---

ሪራ_ልጅ | ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 3፡52

ይኸውልሽ! ሜዳው የከብት መዋያ ነው እኮ። አያቴ ቀፎ ሲሰቅል አብሬው እወጣ ነበር። አይጥ የምናየው የወደቀ ግንድ ሥር፣ ሽበት መሰሉ ነገር የተንጠለጠለበት ዛፍ ግርጌ፣ ወንዝ ዳር ድንጋይ ለድንጋይ ነው። ሜዳ ላይ ምን ትሠራለች፣ ጭልፊት ልትጠብቅ?

---

ቦንጋ_ቡና | ኅዳር 10፣ ከቀኑ 6፡20

ሪራ ልክ ነው። ስለ ከፍታው እኔ ልጨምር። ባሌ ላይ ስቴኖሴፋለሚስ ደረጃ በደረጃ ነው የሚቀያየረው። ላይ ሰንኤቴ አምባ ላይ አልቦካውዳታ፣ አስታው ውስጥ ግሪሲካውዳ፣ ደኑ ውስጥ አልቢፐስ። ስለዚህ በአንድ ከፍታ ብቻ ካጠመድሽ አንዷን ብቻ ማግኘትሽ የሚጠበቅ ነው። ሦስት አራት ከፍታ ምረጪ።

ደግሞ ወደ ላይም እዪ፣ ማለቴ ወደ ዛፉ። ግራሞሚስ የሚባሉት አይጦች ረጅም ጅራት ይዘው ሐረግ ለሐረግ ነው የሚኖሩት። እኛ ከወጥመዶቹ የተወሰኑትን በሰው ቁመት ልክ ሐረግ ላይ በሽቦ እናስራለን። ብዙ ሌሊት ባዶ ነው። አንድ ቀን ግን ይገባል፣ ያንን ቀን መሬት ላይ ብቻ ብንዘረጋ አናየውም ነበር።

ሎፉሮሚስን ስትይዢ ተጠንቀቂ። ፀጉሯ ብሩሽ ነው፣ ቆዳዋ ግን ስስ ነው፣ በቀላሉ ይቀደዳል። ጅራቷም ይበጠሳል። በመጀመሪያ ቀኔ በጅራቷ አንጠለጠልኳት። ጅራቱ እጄ ላይ ቀረ፣ ባለቤቷ ሄደች። አማካሪዬ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ከወጥመዱ በቀጥታ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ገልብጫት፣ ከዚያ በከረጢቱ በኩል ማጅራቷን ያዢ። ቀንም ስለምትንቀሳቀስ ወጥመዱን ጠዋት ብቻ ሳይሆን ከሰዓትም እዪ።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ጎባ | ኅዳር 11፣ ከሌሊቱ 9፡10

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ተወልጄ ያደግኩት ጎባ ነው፣ አሁን አሜሪካ ነኝ። ባሌ ሲባል ቀይ ቀበሮና የደጋ አጋዘን ነው የማውቀው። አይጥ ለመቁጠር ማስተርስ? እናቴ በነፃ ትቆጥርልሽ ነበር፣ ጎተራችን ሥር 😂

---

ቦንጋ_ቡና | ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 2፡00

ወንድሜ፣ የምትኮራበት ቀይ ቀበሮ ምን በልቶ የሚያድር ይመስልሃል? ሰንኤቴ ላይ ፍልፈልና አይጥ ነው ቀለቡ። ትልቁ ፍልፈል ከሌለ ቀበሮህም የለም።

አገር ውስጥ ብቻ የሚገኙ አጥቢዎቻችን አብዛኞቹ እነ ዋልያ አይደሉም፣ አይጥና አይጥ መሰሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች ለአዳዲስ የሎፉሮሚስ ዝርያዎች ስም ሲሰጡ አንዷ "ሜናጌሼ" ተባለች። መናገሻን ታውቃለህ፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ስትል ያለው ደን። ሰው ለሽርሽር የሚሄድበት! በ2003 ደግሞ ከሸኮ ደን የተገኘች ዴስሞሚስ የምትባል አይጥ በእንግሊዛዊው ዴሪክ ያልደን ስም ተጠራች፤ የአገራችንን አጥቢዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1927 ግልገል አባይ ምንጭ አካባቢ አንዲት የውሃ አይጥ ተያዘች። በሚቀጥለው ዓመት ኦስጉድ የተባለ የቺካጎ ሰው ኒሎፔጋሚስ ብሎ ሰየማት። አንድ ናሙና፣ አለቀ። ሁለተኛ አልተገኘም። ይኸው መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ጎተራ ሥር ካየሃት ደውልልን።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ጎባ | ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 4፡45

ተሸነፍኩ። አንድ ናሙና ብቻ? የት ነው ያለችው አሁን?

---

ቦንጋ_ቡና | ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 4፡50

ቺካጎ፣ ፊልድ ሙዚየም። ከእኔ ይልቅ ለአንተ ትቀርባለች።

---

ቁጥር_ሰው | ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 1፡30

ስለ ቁጥሩ ጣልቃ ልግባ። ሁለት ዝርያ ብቻ ከያዝሽ ሻነን የሚሉትን የብዝኃነት መለኪያ ምናምን ለመሥራት አትቸኩዪ። ከመቶ ዘጠናው ነጭ እግር፣ አሥሩ ሎፉሮሚስ ቢሆን ሻነን 0.33 አካባቢ ይወጣል። ግማሽ በግማሽ ቢሆን 0.69። ሁለቱም ቦታ ሁለት ዝርያ ነው ያለው። ቁጥሯን ብቻ ጽፈሽ "ደኑ ድሃ ነው" ብትዪ ፈታኝሽ አይለቅሽም።

ከዚያ ይልቅ በየሌሊቱ ስንት አዲስ ዝርያ እንደተጨመረ ሣዪ። መስመሩ ገና እየወጣ ከሆነ አልጨረስሽም። ተኝቶ ከቀረ፣ በዚያ ወጥመድ፣ በዚያ ቦታ የምታገኚው ይኸው ነው ማለት ነው። ሌላ ዓይነት ወጥመድ ስትጨምሪ እንደገና ይነሣል። ለዚህ ነው የባልዲውን ሌሊትና የሸርማኑን ሌሊት አንድ ላይ አትደምሪ የምልሽ፣ ለየብቻ መዝግቢ።

ብዛት መገመት ካለብሽ ምልክት አድርገሽ ልቀቂ። ምሳሌ፦ መጀመሪያ 10 ምልክት አድርገሽ ለቀቅሽ። በሌላ ጊዜ 8 ያዝሽ፣ ከእነሱ 4ቱ ምልክት አላቸው። 10 ሲባዛ በ8 ሲካፈል ለ4፣ 20 ነው ግምቱ። ለትንሽ ቁጥር ቻፕማን ያስተካከለው ቀመር ይሻላል፣ እሱ ወደ 19 ያመጣዋል።

እዚህ ላይ ሁሉም የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ስፋቱ ስንት ነው? ከዳር ወጥመድ እስከ ዳር ወጥመድ 60 በ60፣ 3600 ካሬ ሜትር ነው። ብዙ ሰው የሚጽፈው ግን 4900 ነው፣ ምክንያቱም በየዳሩ 5 ሜትር ይጨምራሉ። 20 አይጥን ለ0.36 ሄክታርና ለ0.49 ሄክታር አካፍለሽ እዪው፤ 56 እና 41 ነው በሄክታር። የትኛውን እንደተጠቀምሽ ካልጻፍሽ ከሌላ ሰው ጥናት ጋር ማወዳደር አይቻልም።

---

የቄራ_ልጅ | ኅዳር 12፣ ከቀኑ 8፡00

እኔ ምንም አላውቅም፣ ግን አንድ ነገር ይጨንቀኛል። ሁሉንም ትለቋቸዋላችሁ አይደል? ለዲግሪ ብሎ ነፍስ ማጥፋት ግፍ ነው።

---

ጋሽ_ወጥመድ | ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 12፡20

ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ እኔንም ዓመታት አስጨንቆኛል። አብዛኞቹ ይለቀቃሉ፣ ይለቀቁም። ነገር ግን ክሮሲዱራዎች በዓይን አይለዩም። የራስ ቅልና ጥርስ መታየት አለበት፣ ወይም ዲኤንኤ። ናሙና ሳይኖርህ "ክሮሲዱራ ሐረናን አየሁ" ብትል ያው የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ነው። ማን ያምንሃል?

መሐከለኛው መንገድ የጆሮ ጫፍ ነው። የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ አልኮል ውስጥ፣ ቁጥር ተጽፎበት። እንስሳዋ ትሄዳለች። የሚቀሩት ጥቂቶች ደግሞ በፈቃድ ነው፣ ቁጥራቸው ተቆጥሮ። ያለ ፈቃድ ጫካ መግባት ራሱ አይቻልም። ባሌ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ደግሞ የዓለም ቅርስ።

ያለ ሐሳብ የሚሞቱት ናቸው የሚያሳዝኑኝ። ሐረና ሌሊት ይበርዳል። የአሉሚኒየም ሳጥን ደግሞ እንደ በረዶ ነው። ጥጥ ወይም ደረቅ ሣር ካልጨመርሽ ጠዋት የቀዘቀዘ ነገር ታወጪያለሽ። ክሮሲዱራ፣ ማለትም ሽሩ፣ ደግሞ ረሃብ አትችልም፣ ጥቂት ሰዓት ካልበላች ትሞታለች። ስለዚህ ባልዲውን ሌሊት መሐል ተነሥተሽ እዪው። አዎ፣ ከእንቅልፍሽ ተነሥተሽ።

---

የቄራ_ልጅ | ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 12፡41

እሺ ጋሼ፣ ገብቶኛል። ግን ሽሩ ምንድን ናት? በአማርኛ ስም የላትም?

---

ሪራ_ልጅ | ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 1፡10

እኛ ቤት ትንሽ ሆኖ ጭራ ካለው ሃንቱታ ነው 😄

---

ቦንጋ_ቡና | ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 1፡25

አንዱ አስተማሪያችን አይጠ መጎጥ ይላት ነበር። እኔ አልቀበልም። አይጠ መጎጥ ቤት ውስጥ ያለችው ትልቋ ናት። ሽሩ ጭራሽ አይጥ አይደለችም። አይጥ ፊት ለፊት መቁረጫ ጥርስ አላት፣ ትጎረድማለች። ሽሩ ጥርሷ ሁሉ እንደ መርፌ የሾለ ነው፣ ዓይኗ የጤፍ ፍሬ፣ አፍንጫዋ ረጅም ሆኖ ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል። ሽታዋም አለ፣ ከረጢቱ ውስጥ ከገባች ቀኑን ሙሉ አይለቅም። አፈ ሾጣጣ ብንላትስ?

---

ጋሽ_ወጥመድ | ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 1፡40

አፈ ሾጣጣ ጥሩ ነው። ሥራ ላይ ግን ሁሉም ሽሩ ነው የሚለው፣ ፊት ለፊት ልንገርህ።

---

ቦንጋ_ቡና | ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 2፡05

ሃንቱታ፣ አንድ ነገር ረስቼ። ጓንትና ማስክ። እ.ኤ.አ. በ2012 አዲስ ሃንታ ቫይረስ የተዘገበው በዚችው በነጭ እግር ላይ ነው፣ የትግራይ ቫይረስ ይባላል። ሳጥኑን ስታጥቢ፣ ደረቅ ኩስ ስታራግፊ ነፋስ ከጀርባሽ ይሁን። ምሳሽንም ወጥመድ በያዘ እጅ አትብዪ። የማየው ነገር ስለሆነ ነው።

---

ሃንቱታ | ታኅሣሥ 6፣ ከምሽቱ 3፡00

ተመልሼ መጣሁ። ከጫካ ነው የምጽፈው፣ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጥቼ።

አሥራ አንድ ባልዲ ገዛሁ። ሻጩ "ጠላ ልትነግጂ ነው?" አለኝ፣ አዎ አልኩት። ሁለት መስመር ነበር ያሰብኩት፣ ለሁለተኛው ብር አልበቃም። ቦታውን ለወጥኩ። ሪራ እንዳለው ወደ ወደቀ ግንድና ወደ ወንዝ ዳር ነው የሄድኩት። 7 በ7 ቀርቶ በመስመር ዘረጋሁ።

ስህተቴን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ሌሊት ባልዲዎቹ ሁሉ ባዶ። ጋሼ እንዳሉት ተንበርክኬ እጄን አንሸራተትኩ። ስምንቱ እጄን ነኩኝ። ስምንቱንም እንደገና ቆፈርኩ፣ መዳፌ ውሃ ቋጠረ።

በሁለተኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ፣ አራተኛው ባልዲ ውስጥ ቅጠሉ ተንቀሳቀሰ። በግንባር ባትሪዬ አበራሁ። መጀመሪያ እንቁራሪት መሰለኝ። ከዚያ አፍንጫ ወጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወዲህ ወዲያ የሚል። እጄ ተንቀጠቀጠ። ክሮሲዱራ መሆኗን አውቃለሁ፣ የትኛዋ እንደሆነች ግን አልናገርም፣ ድንቢጥ አልሆንም 😄 የጆሮ ጫፍ ወስጄ፣ ለክቼ፣ ሁለት ትል ሰጥቼ ለቀቅኳት። ትሉን እጄ ላይ ነው የጨረሰችው።

በዚያው ጠዋት ሸርማኖቹ ውስጥ ደግሞ ዴስሞሚስ ገባች።

አሁን አዲስ ችግር አለብኝ። ጉንዳን። ትናንት ማታ አንድ ሰልፍ በወጥመድ መስመሬ ላይ አለፈ። ሦስት ሳጥን ውስጥ የነበሩትን... አልጽፈውም። የለውዝ ቅቤው ነው የጠራቸው?

---

ጋሽ_ወጥመድ | ታኅሣሥ 6፣ ከምሽቱ 3፡35

እጄ ተንቀጠቀጠ ስትዪ እኔም እዚህ ሶፋ ላይ ተንቀጠቀጥኩ። እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ።

ጉንዳን ለውዝ አይፈልግም፣ በመንገዱ ያለውን ሥጋ ሁሉ ነው የሚጠርገው። ሰልፉን ካየሽ መስመሩን ያንኑ ሌሊት ዝጊ። ሁሉንም። ጠዋት ቢያንስ 50 ሜትር አርቀሽ ዘርጊ። አመድ አድርጊ የሚሉሽ አሉ፣ አትስሚያቸው፣ ሞክሬዋለሁ።

---

ሃንቱታ | ታኅሣሥ 6፣ ከምሽቱ 3፡41

አሁን ልዝጋ? ጨለማ ነው እኮ። 49 ሳጥን፣ 11 ባልዲ።

---

ጋሽ_ወጥመድ | ታኅሣሥ 6፣ ከምሽቱ 3፡42

አሁን። ስካውቱን ቀስቅሺው፣ ሱሪሽን ካልሲ ውስጥ ክተቺ።

---

ሃንቱታ | ታኅሣሥ 7፣ ከሌሊቱ 6፡58

ዘጋሁ። ሰልፉ አሥረኛው ሳጥን ጋ ደርሶ ነበር። ካልሲው አልበቃም።